የጋሽ ዳባ ፒካፕ ለምን ታዘነብላለች

«ኢንጂነር፣ እስኪ አንቺ የተማርሽው እውነቱን ንገሪኝ። ይቺ መኪና ለምንድነው የምታዘነብለው?»

ይሄን የጠየቁኝ ጋሽ ዳባ ናቸው፤ ገርጂ፣ ጋራዣችን በር ላይ፣ ከአሮጌዋ ነጭ ፒካፓቸው አጠገብ ቆመው። መልሱን አውቀው ነበር። ጋራዡ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። መኪና አጣቢው ሳይቀር ያውቀው ነበር። እኔም «እስቲ እናየዋለን ጋሼ» ብዬ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ሥሯ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ፊቴን ለመደበቅ ነው።

ይሄን የምጽፈው ጡረታ ስለወጣሁ ነው። አትሳቁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ዲግሪዬ ገና ፍሬም አልገባም፣ ግን ከቱታ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ቦሌ አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የተጋጩ መኪኖችን ጉዳት እገምታለሁ። እናቴ «ተመስገን፣ ልጄ ሥራ ያዘች» ብላ ለጸሎት ጓደኞቿ በሙሉ ደውላለች። እስከዛሬ ምን ስሠራ እንደነበር እሷን ጠይቋት።

የመጀመሪያ ሥራዬ ገርጂ አልነበረም። በመካኒካል ኢንጂነሪንግ እንደተመረቅኩ የገባሁት አትላስ አካባቢ፣ በሩ መስታወት፣ ወለሉ ነጭ ሴራሚክ የሆነ ጋራዥ ነው። ወለሉ ነጭ የሆነ ጋራዥ ካያችሁ ሽሹ። ዘይት ያልነካው ወለል ላይ ምን ይሠራል? ቱታ ስጠብቅ ነጭ ሸሚዝና ታብሌት ሰጡኝ። ማናጀሩ «አንቺ ደንበኛ ትቀበያለሽ፤ ፈገግ በይ» አለኝ። የኔ ፈገግታ ደግሞ ቶሎ ነው የሚያልቀው። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መኪናውን ሊወስድ መጥቶ «አሁንም ይንቋቋል እኮ፤ ምኑን ነው የሠራችሁት?» ሲለኝ፣ «አልተነካም። ታጥቦ ነው የወጣው» አልኩት። እውነት ነበር። ማናጀሩ ቢሮው አስጠራኝና «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ፍሬን የለውም» አለኝ። በወሩ መጨረሻ ነጩን ሸሚዝ መለስኩ። ደሞዙን አታንሱብኝ፤ ለታክሲና ሸሚዙን ለማጠብ ነበር የሚበቃው።

ከዚያ እናቴ ጋሽ ሽብሩ ጋ ሄደች። ጋሽ ሽብሩ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ ገርጂ ውስጥ ጋራዥ አላቸው። «ሥራ እስክታገኝ እቤት ቁጭ ብላ ከምትነጫነጭብኝ እርስዎ ጋ ትዋል» አለቻቸው። ልጅ ለጎረቤት አደራ እንደመስጠት ማለት ነው።

የጋሽ ሽብሩ ጋራዥ ማለት የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ጉድጓድና ግማሽ ጣሪያ ነው። ሲዘንብ ግማሽ መኪና ነው የምንሠራው። ሥራቸው የመኪና እግር ብቻ ነው፤ ሞተር አይነኩም። «ሞተር ሐኪም አለው፤ እኔ ወጌሻ ነኝ» ይላሉ። መጀመሪያ ቀን ከላይ እስከታች አዩኝና «ጫማሽ ጥሩ ነው። ፀጉርሽን ሸፍኚ» አሉኝ። ኢንተርቪው እሱ ነበር። አለፍኩ።

የሳቸውን ሥራ ቆሞ ማየት ራሱ አንድ ነገር ነው። ፒካፕ ከኋላ በኩል ጭነቷን የምትሸከመው በባሌስትራ ነው፤ እንደ ቀስት የጎበጡ ብረቶች ተደራርበው ማለት ነው። ጋሽ ሽብሩ እያንዳንዱን ብረት በመዶሻ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ጤነኛው ይዘምራል፤ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል። የፈቱትን ብሎንና ዳዶ ካርቶን ላይ በተፈታበት ቅደም ተከተል ይደረድራሉ፤ ከዚያ ካርቶን ላይ አንዲት ሮንዴላ ያነሳ ወዮለት። ደግሞ ብሎን አይሳደቡም። እኔ የዛገ ብሎን እምቢ ሲለኝ የማልለው የለም። እሳቸው ቁልፋቸውን አስቀምጠው መዝሙር ይጀምራሉ፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ብሎኑ ይለቃል። እኔ «ማታ ያፈሰሱበት ናፍጣ ዘልቆት ነው» እላለሁ። እሳቸው ፈገግ።

ችግራቸው አንድ ነው። ክፉ ወሬ መናገር አይችሉም። መኪናው ውስጥ የተሰበረ ነገር ካገኙ ባለቤቱን ጠርተው «ቤተሰብ ደህና?» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ወንድም፣ ከዚያ አገር ቤት። ጉዳቱ በከፋ ቁጥር ጥያቄው ይረዝማል። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ገና «አክስትህ ጉልበቷን ተሻላት?» ሲባል፣ «በቃ ጋሽ ሽብሩ፣ ገባኝ፣ አክስሉ ነው አይደል የተሰበረው?» አለ።

እኔ ግን እንደ አትላሱ ልናገር ስል ይቆጡኛል። «ስሚ ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ብሎን ውስጥ ገብቶ ቢሰበር ተሰርስሮ ይወጣል። ሰው ፊት ያፈረ ሰው ግን በምን ይወጣል?» አንዴ በአፌ ሥራ አጥቻለሁ፤ ዝም ማለትን ልማር አልኩ። ልክ በዚያው ሰሞን ነው ጋሽ ዳባ የመጡት።

ጋሽ ዳባ ወንበርና ድንኳን አከራይ ናቸው። ሰሚትም ይሁን ገርጂ፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ያቺ ነጠላ ጋቢና ፒካፕ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር እንደ ተራራ ቆልላ ትደርሳለች። ልጆቻቸውን ያስተማሩት በሷ ነው፤ ቤታቸው የቆመው በሷ ነው። ጋሽ ዳባ ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው። በዕድሜም ትልቅ፣ በክብርም ትልቅ። እና... እንዴት ልበላችሁ። ሲስቁ ሆዳቸው ከሳቸው ዘግይቶ ነው የሚያቆመው። ጋቢናዋ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ እሳቸው ይገባሉ፣ ከዚያ በሩ ያስባል፣ ከዚያ ይዘጋል።

የመጡ ቀን «ይቀመጡ ጋሼ» ብለን ወንበር ሰጠናቸው። ቁጭ ከማለታቸው ወንበሩ እግሮቹን በየአቅጣጫው ልኮ ተዘረጋ። ጋሽ ሽብሩ ሮጠው አነሷቸውና «ይቅርታ፣ ይሄ ወንበር ድሮም በሽተኛ ነው» አሉ። ወንበሩ የተገዛው ባለፈው ሳምንት ነው። በማግስቱ ጋሽ ዳባ ከራሳቸው ንብረት ሁለት ወንበር፣ አንዱን ባንዱ ላይ ሰክተው ይዘው መጡ። ለምን ሁለት እንደሆነ የጠየቀ የለም።

የሚቀመጡት ሊያርፉ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አገር መኪናውን ጋራዥ ጥሎ የሚሄድ ባለመኪና የለም። አሮጌ እቃ ይገጥሙብኛል፣ ደህናውን ይወስዱብኛል ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ ይጠብቃል። ጋሽ ዳባም ሁለት ወንበራቸው ላይ ተሰይመው እያንዳንዷን ዳዶ በዓይናቸው ይሸኛሉ።

ፒካፗ በእውነት ታማ ነበር። የግራው ባሌስትራ ሁለተኛ ብረት ተሰብሯል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ጎማ ቡሾች ተበልተው እንጀራ ፍርፋሪ መስለዋል፣ ንዝረት የሚውጡት የኋላ አሞርዛተሮች ዘይታቸውን አፍስሰው ጨርሰዋል፣ ባሌስትራውን ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ አጽም፣ ጋር የሚያያይዙት ማንጠልጠያዎች ቀዳዳቸው እንቁላል ሆኗል። ሻንሲዋን በክሪክ አንስተን ጉማጅ እንጨት ላይ አሳረፍናት፤ ጎማዎቹን አውጥተን አክስሉን ለብቻው ደገፍነው። የድሮዎቹን ቡሾች ከቤታቸው ማውጣት እንደ ጥርስ መንቀል ነው፤ እያቃጠልን፣ እየገፋን፣ እኔ እየተሳደብኩ፣ እሳቸው እየዘመሩ።

አዲሶቹን ስናስገባ ጋሽ ሽብሩ የሳሙና ውሃ አምጪ አሉኝ። እኔ ግራሶ ይዤ ነበር። «ግራሶ ጎማ ይበላል። ሳሙና አስገብቶ ይደርቃል፣ ዕዳ አይተውም» አሉኝ። ግራ ቀኙን ሁለቱንም ባሌስትራ በአዲስ ቀየርን፤ አንዱን ብቻ መቀየር አንድ እግር ጫማ እንደመግዛት ነው። የመሃሉ ብሎን አክስሉ ላይ ካለችው ጉድጓድ ውስጥ በትክክል መቀመጡን በጣቴ ዳስሼ አረጋገጥኩ፤ እዚያ ከሳተ መኪናዋ እንደ ሸርጣን በጎን ነው የምትሄደው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች በመስቀለኛ፣ ትንሽ በትንሽ አጠበቅን። የቡሾቹን ብሎኖች ግን ልቅ ተውናቸው።

«ለምን አይጠበቅም?» አሉ ጋሽ ዳባ ከዙፋናቸው።

«መጀመሪያ እግሯ መሬት ይንካ» አሉ ጋሽ ሽብሩ። አየር ላይ ተንጠልጥላ ብሎኑ ከጠበቀ፣ ስትወርድ ጎማው ይጠመዘዝና በወሩ ይቀደዳል። ስለዚህ አወረድናት፣ የጭነት ካሶኒዋ ላይ ወጥተን ዘለልን፣ አቀማመጧን ስትይዝ እኔ ሥሯ ተንፏቅቄ አጠበቅኩ። የፊት እግሮቿንም አየን፤ ደህና ናቸው። በሜትር ግራና ቀኟን ለካን። እኩል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ኮርቼ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ባሌስትራ ስጭን ስደፈጥጥ ነበር የኖርኩት፤ ይሄኛው ይሸታል፣ ይከብዳል፣ ይሠራል። ጋሽ ዳባ መርቀውን ሄዱ።

ከምሳ በኋላ ተመለሱ።

«ታዘነብላለች።»

«የት?» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«ቦሌ፣ መብራት ይዞኝ ቆሜ፣ ፊት ለፊቴ የመስታወት ፎቅ አለ። ቀና ብል እኔና እሷ ወደ ግራ ዘመም ብለን ቆመናል። ሰው ያየኛል!»

ጋቢናው ውስጥ እንደተቀመጡ አየናቸው። እውነት ነው፣ በሳቸው በኩል ሁለት ጣት ያህል ወርዳለች። ወረዱ። ፒካፗ እፎይ ብላ ተቃናች። ሜትር ዘረጋን። እኩል። ገቡ፤ ዘመም። ወረዱ፤ ቀጥ።

«አያችሁ?» አሉ ጋሽ ዳባ፣ «ስወርድ ትደብቃለች!»

ጋሽ ሽብሩ የሌለውን ግማሽ ጣሪያ ቀና ብለው አዩ። መኪና አጣቢው ባልዲውን ይዞ ሹልክ ብሎ ወጣ፤ ከአጥሩ ውጭ እንደ ሕፃን በሳቅ ሲንፈራፈር ይሰማል። ይሄኔ ነው ጋሽ ዳባ ወደ እኔ ዞረው ያን ጥያቄ የጠየቁኝ፣ እኔም መኪናዋ ሥር የገባሁት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ማመካኛ ብትሰሙ። ጋሽ ሽብሩ በሕይወታቸው ውሸት ተናግረው የማያውቁ ሰው፣ በይሉኝታ ብዛት ቀኑን ሙሉ መዋሸት ጀመሩ። መጀመሪያ «የገርጂ መንገድ ነው ጋሽ ዳባ፣ ራሱ መንገዱ ነው ያዘነበለው» አሉ። ጋሽ ዳባ ሰሚት ሄደው አዲስ አስፋልት ላይ ሞክረው መጡ። «እዚያም ያው ነው።» ቀጥሎ «ናፍጣው ነው፤ ናፍጣ የሚይዘው ሰልባትዮ በአንድ ጎን ስለሆነ» አሉ። ለብቻቸው ጠርቼ «ጋሽ ሽብሩ፣ ሰልባትዮው እኮ በወዲያኛው ጎን ነው» አልኳቸው።

«እሱን እሳቸው አያውቁም።»

«መኪናዋ የሳቸው ናት እኮ!»

«ዝም በይ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

እኔም በበኩሌ ዙሪያ ጥምጥም ሞከርኩ። «ጋሼ፣ እስቲ ሌላ ሰው ይንዳትና እርስዎ ከውጭ ይዩዋት» አልኩ።

«ማን ነው ሌላ ሰው? ከኔ ሌላ መሪዋን የነካ የለም።»

«እሺ፣ በተሳፋሪው በር በኩል ይግቡና እንያት።»

«የራሴ በር እያለልኝ?»

አንድ ቀን ትዕግስቴ አለቀና «ጋሼ፣ ክብደት የሚባል ነገር አለ፣ ፊዚክስ ላይ...» ብዬ ስጀምር ጋሽ ሽብሩ መዶሻ እግራቸው ላይ ጣሉ። የራሳቸው እግር ላይ። ሆን ብለው። ሳምንቱን ሙሉ አነከሱ፤ ጋሽ ዳባ ለጥየቃ ሙዝ ይዘው መጡ።

በመጨረሻ ጋሽ ሽብሩ መላ አመጡ። በግራው ባሌስትራ ላይ ብቻ አንድ ስስ ብረት እንጨምር፣ እሳቸው ሲገቡ እኩል ትሆናለች።

«ጋሽ ሽብሩ፣ መኪና እንደ ሱፍ በአንድ ሰው ልክ አይሰፋም» አልኳቸው። «ሲወርዱስ? ጭነት ሲሆንስ?»

«ለጊዜው ነው።»

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቋሚ ነገር ሁሉ «ለጊዜው» ተብሎ ነው የተጀመረው። ግን ሠራነው። ጋሽ ዳባ ገብተው ነዱ፣ ያገኙት የመስታወት ፎቅ ፊት ሁሉ እየቆሙ ራሳቸውን አዩ፣ ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ቀጥ! እንደ ሙሽራ!» ብለው ጋሽ ሽብሩን አቀፏቸው። ጋሽ ሽብሩ እቅፉ ውስጥ ጠፍተው በጎን አዩኝ፤ አየሽ? እንደማለት። ጥርጣሬዬን ዋጥኩት።

ቅዳሜ ሰሚት ሠርግ ነበር። ጫኞቹ ወንበሩን ሲደረድሩ ጋሽ ዳባ መሪው ላይ የሉም፤ ስለዚህ ፒካፗ ወደ ቀኝ አዘንብላ ቆማለች። ተራራው ገና ከመነሻው ወደ ቀኝ ዘመመ። እነሱም በደንብ ያሰሩት መሰላቸው። ጋሽ ዳባ ገቡ፣ ወጡ፣ ሰሚት ከመድረሳቸው በፊት አንድ የግራ ኩርባ ላይ ግራው እንደ ድንጋይ ደርቆ ቀኙ ተኛ፣ ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ ወንበር ሁሉ አስፋልት ላይ ፈሰሰ።

ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ባለሚኒባሶቹ ወርደው ለቀሙ። አንዲት ሴትዮ አንድ ወንበር አነሳች፣ መንገድ ዳር አስቀመጠችው፣ ተቀመጠችና ታክሲዋን መጠበቅ ቀጠለች አሉ። ይሄን ሲነግሩኝ ስቄያለሁ። ሠርጉ ላይ የሆነውን ስሰማ ግን ሳቄ ቆመ። ግማሹ ወንበር ተሰብሮ ግማሹ ዘግይቶ ስለደረሰ ሽማግሌዎቹ ቆመው ነው የመረቁት። የሙሽራዋ አያት ቆመው። ጋሽ ዳባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስቀምጡ ኖረው፣ ያን ቀን ሽማግሌ አቆሙ። ወሬው ሰሚትን ዞረ። የሚቀጥለው ሳምንት ሠርግ ሌላ አከራይ ጠራ፤ ከዚያ አንድ የአርባ ድግስም ቀረባቸው።

ሰኞ መጡ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። የጨመርነውን ብረት ፈታን፤ ሲፈታ ጋሽ ሽብሩ አልዘመሩም።

«አሁን እንንገራቸው» አልኩ።

«አሁን?» አሉኝ። «ሰው ሠርግ ላይ ካፈሩ በኋላ? ያኔ ያልነገርናቸውን አሁን ብንነግራቸው ምን ይሉናል? አሁንማ ጭራሽ!»

እዩት እንግዲህ የይሉኝታን ሂሳብ። ሲዘገይ ይወልዳል።

እኛ ዝም ያልንበትን ቦታ ሳሚ ሞላው። ሳሚ ደላላ ነው፤ ሁለት ስልክ ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ ይዞራል፣ የደከመው መኪና ሳይሆን የደከመው ባለመኪና ነው የሚሸተው። ጋሽ ዳባ መሪው ላይ እንደተቀመጡ ፒካፗን ዞራት፣ ከኋላ ጎንበስ ብሎ አያትና አፏጨ።

«ፋዘር፣ ሻንሲዋ ተጣሟል። ይሄ አይቃናም። ሰው ሳትገድልብዎት ለቁርጥራጭ ብረት የሚወስዳት ሰው አለኝ።»

ጋሽ ዳባ አመኑት። ለምን አያምኑ? በአካባቢው ምክንያት የሚመስል ነገር የነገራቸው ሰው እሱ ብቻ ነው። «ከሷ በኋላ ወንበሮቹንም እሸጣለሁ» አሉ። «ዕድሜዬም ሄዷል። ልጆቼ ጋ እየዞርኩ እበላለሁ።» እንዲህ ሲሉ ያልተጠራ እንግዳ የሆኑ መሰሉኝ።

የኔ የመጨረሻ ቀንና የሳሚ ገዢ የሚመጣበት ቀን አንድ ሆነ። የቢሮው ሥራ ተሳክቶልኛል፣ ቱታዬን አጥቤ ላስረክብ ነው የመጣሁት። ጋሽ ዳባ ፒካፓቸውን በር ላይ አቁመው ሊሰናበቱን ገቡ። ሳሚ በር ላይ በሁለቱም ስልክ ያወራል። «እየመጣ ነው ፋዘር፣ መገናኛ ደርሷል።»

ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቀረቡ። ይኸው፣ ሊናገሩ ነው አልኩ።

«ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና ነው ሽብሩ።»

«ልጆችስ?»

«ደህና።»

«ያ... ጅማ ያለው ወንድምዎት?»

«ደህና ነው፣ ሰላም ይልሃል።»

«የሱስ ልጆች?»

በዚህ ከቀጠሉ አገሩን ሁሉ አዳርሰው ገዢው ፒካፗን ይዟት ሄዷል። ቱታዬን መልሼ ለበስኩ። ከጎረቤት ግንባታ የግንበኞች ክር ለምኜ አመጣሁና ፒካፗ ሥር ገባሁ። የሻንሲን መጣመም በዓይን ማየት አይቻልም፤ ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ በመስቀለኛ ክር ትዘረጋላችሁ፣ ሁለቱ ክሮች እኩል ከሆኑ ሻንሲው ቀጥ ነው። መኪና አጣቢው ጫፉን ያዘልኝ።

«ኧረ ክር?» አለ ሳሚ። «እህቴ፣ ልብስ ልትሰፊላት ነው?»

«አንተ ስልክህን አውራ።»

ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ሁለቱን ክሮች ይዤ ወጣሁና ጋሽ ዳባ ዓይን ፊት ጎን ለጎን አስተያየኋቸው። ጫፍና ጫፋቸው አንድ ላይ ገጠመ።

«ሻንሲዋ ቀጥ ነው ጋሼ» አልኩ። «ምንም አልሆነችም።»

ጋሽ ዳባ ክሮቹን በሁለት እጃቸው ይዘው ራሳቸው ደግመው አስተያዩዋቸው። ከዚያ ሳሚን አዩ። ከዚያ ጋሽ ሽብሩን። ጋሽ ሽብሩ መሬቱን አዩ። መጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «መንገዱ አይደለም። ናፍጣው አይደለም። ሻንሲው አይደለም። ሁላችሁም የምታውቁትና እኔ የማላውቀው ነገር አለ። ታዲያ ለምንድነው የምታዘነብለው?»

ጋሽ ሽብሩ መዶሻ ፍለጋ ዙሪያቸውን ሲያዩ በጎን አየኋቸው። መዶሻው እኔ ጋ ነበር።

«ጋሽ ዳባ» አልኩ፤ ካሰብኩት በላይ ጮኬ፣ ባልዲው ሳይቀር የሰማ ይመስለኛል፣ «መኪናዋ ጤነኛ ናት። ሳሚ ያያት እርስዎ መሪው ላይ ተቀምጠው ነው። እርስዎ ሲገቡ ታዘነብላለች፣ ሲወርዱ ትቃናለች፤ ከባድ ስለሆኑ ነው ጋሼ፣ በጣም ከባድ ነዎት፣ ሌላ ምንም የለም። አይሽጧት!»